የወረቀት ዳንቴል ሠሪዋ፦ የአስቴር ሃውላንድ ሕይወት

በእጅ የተሠራ ካርድ ለገዢው የበዓል ማስታወሻ ነው፤ ለሠሪዋ ግን የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተር፣ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ ነው። በማኅበራችን የካርድ ሥራ የጀመርን እህቶች ይህን እናውቀዋለን። ወረቀት ቆርጦ፣ አጥፎና ለጥፎ እንጀራ መብላት ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከ170 ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር ይህንኑ በተግባር ያሳየች አንዲት ሴት አለች። ስሟ አስቴር ሃውላንድ ይባላል። የገና ሥራችንን በምንጀምርበት በዚህ ወቅት የእሷን ሕይወት ለአባሎቻችንና ለማኅበራችን ደጋፊዎች ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቷና ትምህርቷ

አስቴር በ1828 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ሳውዝወርዝ ሃውላንድ በከተማዋ የታወቀ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያዎች መደብር ነበራቸው። እናቷም ስማቸው አስቴር ነው፤ ስለ ምግብ አሠራርና በቁጠባ ቤት ስለማስተዳደር መጽሐፍ ጽፈው ያሳተሙ ሴት ነበሩ። እንግዲህ ልጅቱ ያደገችው ወረቀት በሞላበትና ሳንቲም በከንቱ በማይባክንበት ቤት ነው።

ከዚያም ማውንት ሆልዮክ ወደሚባለው የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባች። ይህን ትምህርት ቤት በ1837 የከፈቱት ሜሪ ላየን የሚባሉ መምህርት ናቸው። ዓላማቸው ሀብታም ያልሆኑ ቤተሰቦች ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩ ስለነበር ክፍያውን ዝቅ ለማድረግ የቤቱን ሥራ ለተማሪዎቹ አከፋፈሉት። አንዷ ዳቦ ትጋግራለች፣ ሌላዋ ዕቃ ታጥባለች፣ ሌላዋ ታጸዳለች፤ እያንዳንዷ የራሷ ድርሻ አላት። አስቴር በ1847 ከዚያ ተመርቃ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በኋላ በሥራዋ ላይ የምናየውን የሥራ ክፍፍል ስመለከት፣ ያንን ወጥ ቤት ማስታወሴ አይቀርም።

ከእንግሊዝ የመጣው ካርድ

በዚያን ዘመን ሰዎች የቅዱስ ቫለንታይን ቀን በሚሉት የካቲት 14 ቀን ለሚወዱት ሰው ካርድ የመላክ ልማድ እየተስፋፋ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት የፖስታ ዋጋ መቀነሱ ነው። በእንግሊዝ በ1840 ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ተጀመረ፤ አሜሪካም በ1845 የፖስታ ታሪፏን ዝቅ አደረገች። ቀድሞ ደብዳቤ መላክ የባለጸጋ ጉዳይ ነበር፤ አሁን ግን ማንኛዋም የሱቅ ሠራተኛ ካርድ ልትልክ ትችላለች።

አስቴር ትምህርቷን በጨረሰችበት ሰሞን የአባቷ የንግድ ወዳጅ የሆነ ሰው ከእንግሊዝ የመጣ የቫለንታይን ካርድ ላከላት። ካርዱ ዙሪያውን በወረቀት ዳንቴል የተከበበ፣ በአበባ ያጌጠ ነበር። አገላብጣ አየችው። እንዲህ ያለውን እኔም እሠራለሁ፣ እንዲያውም የተሻለ አድርጌ እሠራለሁ ብላ አሰበች። ከእንግሊዝ የሚመጣው ካርድ ዋጋው ውድ ስለነበር፣ በአገር ውስጥ ቢሠራ ገዢ እንደሚኖረውም ገባት።

አባቷ ዳንቴሉንና ባለ ቀለም ወረቀቱን ከእንግሊዝ አስመጡላት። አስቴር ለናሙና የሚሆኑ ጥቂት ካርዶች ሠራች። ወንድሟ ለአባታቸው ድርጅት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ ነበርና ናሙናዎቹን ከዕቃው ጋር ይዞ ሄደ። አስቴር የ200 ዶላር ትእዛዝ ቢያመጣልኝ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ወንድሟ ሲመለስ የያዘው ትእዛዝ ከ5,000 ዶላር በላይ ነበር።

ይህ ደስታም ጭንቀትም ነው። ያን ያህል ካርድ ብቻዋን ተቀምጣ ልትጨርሰው አትችልም።

ሥራው እንዴት ተከፋፈለ

አስቴር ጓደኞቿን ጠራች። ከቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተለቀቀላትና ረጅም ጠረጴዛ ተዘረጋ። አንዷ ሥዕሎቹን በመቀስ ቆርጣ ታወጣለች፤ ሁለተኛዋ መደቡን ታዘጋጃለች፤ ሦስተኛዋ ዳንቴሉን ትለጥፋለች፤ ሌላዋ አበባውንና ሪባኑን ትጨምራለች። አስቴር ናሙናውን ራሷ ትሠራለች፤ ሌሎቹ ያንን እያዩ ይሠራሉ፤ ያለቀውንም አንድ በአንድ ትመረምራለች። ፋብሪካዎች ሥራን በተርታ መከፋፈል ከመለመዳቸው በፊት እነዚህ ወጣት ሴቶች በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠሩበት ነበር።

ከቤታቸው መውጣት ለማይችሉትም መንገድ ነበራት። ለአንድ ካርድ የሚያስፈልገው ሁሉ ተቆጥሮ በሣጥን ይታሸጋል፤ ናሙናውም አብሮ ይቀመጣል፤ ሣጥኑ በፈረስ ጋሪ ለሴቲቱ ቤቷ ድረስ ይላክላታል። ከሳምንት በኋላ ጋሪው ተመልሶ የተሠራውን ይሰበስባል። ሕፃን የያዘች፣ ሽማግሌ የምታስታምም፣ ደጅ ወጥታ መሥራት የማይፈቀድላት ሴት ሁሉ በዚህ መንገድ ገቢ አገኘች። በ1850 የካቲት መጀመሪያ ላይ አስቴር በከተማዋ ጋዜጣ የመጀመሪያ ማስታወቂያዋን አወጣች። እያደር የድርጅቱ ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 100,000 ዶላር ደርሶ እንደነበር ይነገራል፤ ይህ ለዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው።

የካርዶቹ ጥበብ

ካርድ ለምንሠራ ሰዎች ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የወረቀት ዳንቴል የሚሠራው እንዲህ ነበር። የዳንቴሉ ንድፍ በብረት ላይ ይቀረጻል። ወረቀቱ በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ሲመታ ንድፉ በወረቀቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ ጎልቶ የወጣው ጫፍ በስሱ ይሞረዳል፤ የተሞረደው ቦታ ቀዳዳ ይሆናል፤ ወረቀቱም በኪሮሽ የተሠራ ይመስላል። ባለ ቀለም የሆኑት ትናንሽ ሥዕሎች፣ አበባው፣ ወፉና መልአኩ ደግሞ አብዛኞቹ ከጀርመን የሚመጡ ነበሩ። ኋላ ላይ እነዚህም በብረት ቅርጽ ማውጫ እየተቆረጡ፣ በቀጫጭን የወረቀት ማያያዣ እንደተያያዙ በአንሶላ ይሸጡ ጀመር። ዛሬ እኛ በትንሿ መጫኛ ማሽን የምናወጣቸው ኮከቦችና ቅጠሎች የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው።

አስቴር በዚህ ላይ የራሷን ሦስት ዘዴዎች ተጠቀመች። አንደኛው ከነጩ ዳንቴል ሥር ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ ወረቀት ማስገባት ነው፤ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ በኩል ብልጭ ይላል። ሁለተኛው በንብርብሮቹ መካከል እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ቀጭን ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ይህ ዳንቴሉን ከመደቡ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ካርዱም ጥልቀት ያገኛል። ሦስተኛው ንብርብር መደራረብ ነው፤ ላዩን ሲያነሡት ከሥሩ ሌላ ሥዕል ይገኛል። ሦስቱም ዘዴዎች ውድ ዕቃ አይጠይቁም። የታጠፈ የወረቀት ቁራጭና ትዕግሥት በቂ ነው። ሙጫው ግን ስስ መሆን አለበት፤ ከበዛ ዳንቴሉን አርሶ ይቀድደዋል።

ግጥሙን ካርዱ ፊት ላይ አታደርገውም ነበር፤ ውስጥ ይለጠፋል። በ1879 ድርጅቷ 131 ግጥሞች የያዘ መጽሐፍ አወጣ። ደንበኛው በካርዱ ውስጥ ያለውን ቃል ካልወደደው ከመጽሐፉ የመረጠውን በላዩ ላይ መለጠፍ ይችላል። የአንዱ ገዢ ልብ ከሌላው እንደሚለይ የተረዳች ነጋዴ ናት። በካርዶቿ ጀርባ ላይም የቤተሰብ ስሟን የመጀመሪያ ፊደል በቀይ ታትም ነበር።

የገና ካርድስ?

የመጀመሪያው የታተመ የገና ካርድ በእንግሊዝ አገር በ1843 ወጣ። ያሳተሙት ሄንሪ ኮል፣ የሣሉት ጆን ካልኮት ሆርስሊ ናቸው፤ 1,000 ያህል ቅጂ ታትሞ አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። በአሜሪካ የገና ካርድ በሰፊው የታወቀው ግን በ1870ዎቹ የቦስተኑ አሳታሚ ሉዊስ ፕራንግ ባለ ቀለም ካርዶችን ማውጣት ሲጀምሩ ነው። አስቴርም በቫለንታይን ካርድ ብቻ አልተወሰነችም፤ ለገና፣ ለአዲስ ዓመትና ለልደት የሚሆኑ ካርዶችንም ሠራች። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ ዕቃ የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይሆንም። እኛም አገር በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ሥለው በየቤቱ ሲያዞሩ ያደግን ነን፤ ገና፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽን አንድ ላይ ብናስብ ሥራችን ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

የገንዘቡ ጉዳይ

አስቴር ሥራ ስትጀምር በማሳቹሴትስ ሕግ ያገባች ሴት የምታገኘው ደመወዝ የባሏ ነበር። ሣጥኑ ቤቷ መጥቶላት ማታ ማታ ሻማ አብርታ ዳንቴል የለጠፈች ባለ ትዳር ሴት፣ ሕጉ በሚለው መሠረት ገንዘቡ የእሷ አይደለም። ይህ የተለወጠው በ1855 ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ያገባች ሴት በሥራዋ ያገኘችውን ገንዘብ ራሷ እንድትይዝ ፈቀደላት። አስቴር ግን ሳታገባ ኖራለች፤ ስለዚህ ድርጅቷም ገንዘቧም ከመጀመሪያው በእጇ ነበር።

በእሷ ዘንድ ሥራው ያልከበደ፣ ክፍያውም ጥሩ እንደነበር ይነገራል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በካርዶቹ ጀርባ ላይ የታተመው ፊደል የአስቴር ብቻ ነው። ዳንቴሉን የለጠፉት፣ ሥዕሉን የቆረጡት፣ ወረቀቱን ያጠፉት ሴቶች ስም የለም።

ሕመምና ስንብት

በ1866 አስቴር ጉልበቷ ክፉኛ ተጎዳና ለዓመታት እንደልቧ መራመድ አቃታት። ሥራውን ግን አልተወችም፤ ተቀምጣ ናሙና መሥራቷንና መመርመሯን ቀጠለች። በ1870ዎቹ መጨረሻ ሥራው ከመኖሪያ ቤቱ ወጥቶ በዋናው መንገድ ላይ ወዳለ ሕንፃ ገባ፤ ኒው ኢንግላንድ ቫለንታይን ኩባንያ የሚል ስምም ያዘ።

ብዙ አልቆየም፤ አባቷ በጠና ታመሙ። እሳቸውን ለማስታመም ስትል በ1880ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱን በዚያው ከተማ ካርድ ይሠራ ለነበረው ለጆርጅ ዊትኒ ሸጠችለት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የገነባችውን ለማስታመም ብላ ለቀቀች። በየዘመኑ የሴት ልጅ ሥራ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት መሆኑን ከእኛ መካከል የማታውቅ የለችም። ዊትኒ ከዚያ በኋላ የዳንቴል መሥሪያ ማሽን አስገብቶ ከአውሮፓ ማስመጣቱን ተወ፤ ኩባንያው እስከ 1942 ቆይቶ በጦርነቱ ዘመን በተፈጠረው የወረቀት እጥረት ተዘጋ። አስቴር በ1904 በ75 ዓመቷ ከዚህ ዓለም ተለየች። ዛሬ ካርዶቿ በየሙዚየሙ ይገኛሉ፤ የአሜሪካ የካርድ አሳታሚዎች ማኅበርም በስሟ ሽልማት ሰይሟል።

ለእኛ የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ለማኅበራችን ይጠቅማል እላለሁ። የመጀመሪያው ሣጥኑ ነው። በስብሰባ ቀን መምጣት የማይችሉ፣ ሕፃን የያዙ ወይም ሕመምተኛ የሚያስታምሙ አባሎች አሉን። ወረቀቱ ተቆርጦ፣ ተቆጥሮና ከናሙና ጋር ታሽጎ ቢላክላቸው፣ በሳምንቱም ቢሰበሰብ፣ እነሱም ከሥራው አይቀሩም። ቅርጽ ማውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ መቁረጡ በማዕከል፣ መለጠፉ በየቤቱ መሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሣጥን፣ የታክሲ ዋጋና ሒሳብ የምትይዝ አንዲት ሰው ነው። ደጋፊዎቻችን የት ላይ እንርዳ ብለው ሲጠይቁን ይህን ብናሳያቸው መልካም ነው።

ሁለተኛው ስሙ ነው። በካርዳችን ጀርባ ላይ የማኅበሩ ማኅተም ብቻ ሳይሆን የሠራችው እህት ስም በትንሹ ቢጻፍ ወጪው የብዕር ቀለም ብቻ ነው። ገዢው ካርዱን የማን እጅ እንደሠራው ያውቃል፤ ሠሪዋም ለሥራዋ ትጠነቀቃለች። ክፍያውም በስሟ ስለሚመዘገብ ማን ስንት ሠራች፣ ስንት ተከፈላት የሚለው ጥያቄ አያጨቃጭቅም።

አስቴር ሃውላንድ ከአንድ ካርድ ተነሥታ ለብዙ ሴቶች እንጀራ አወጣች። እሷ የጀመረችውን እኛ ደግሞ የሁሉም እህት ስም እንዳይጠፋ አድርገን ብንቀጥለው ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለቱም ሐሳቦች እንዲነሡ እጠይቃለሁ። መልካም የሥራ ወቅት፣ መልካም የገና በዓል ይሁንልን።