የኪሳራው ባለቤት

መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙ ጊዜ የሚለማው በእኩል ነው። ለማታውቁት ላስረዳ። አንዱ መሬት አለው፣ ገንዘብ የለውም። ሌላው ገንዘብ አለው፣ መሬት የለውም። ባለመሬቱ መሬቱን ያቀርባል፣ ባለገንዘቡ የዘሩን፣ የማዳበሪያውን፣ የመድኃኒቱንና ውኃ የሚስበውን ሞተር ነዳጅ ይችላል። ምርቱ ሲሸጥ ይካፈላሉ። ትርፍ መካፈል ቀላል ነው፤ ለትርፍ ባለቤት አይጠፋም። ጭቅጭቁ የሚመጣው ዋጋ ወድቆ ቲማቲሙ ማሳ ላይ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ ሰው ገና ችግኙ ሳይተከል ኪሳራው የማን እንደሆነ ይነጋገራል።

ይሄንን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በእንግሊዝኛ ተማርኩት፤ ያው ነው። ስለ ሚዲያ ኩባንያዎች ሳነብም ያው ሆኖ አገኘሁት። ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው? ገንዘቡን ያወጣውስ? ሥራው ሲያልቅ የማን ንብረት ነው? ቢከሽፍ ማን ይከፍላል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ከሀገራችን ምሳሌ ስፈልግ ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንድ ሰው ነው፤ በዓሉ ግርማ።

«ኦሮማይ»ን መጀመሪያ ያነበብኩት እዚሁ መቂ፣ በስልኬ ነው። ከቴሌግራም የወረደ ፒዲኤፍ። ገጾቹ የተንጋደዱ፣ አንዳንዱ ጥግ ላይ መጽሐፉን የያዘው ሰው አውራ ጣት የሚታይበት ዓይነት። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ምን ያህል ከፈልኩ? ምንም። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዓሉ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ለንግድ የመጣ ሕንዳዊ፣ እናቱ የዚያው አካባቢ ሰው ነበሩ። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጣ፣ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ አሜሪካ ሚሺጋን ሄዶ ጋዜጠኝነትና ፖለቲካል ሳይንስ አጥንቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝሩ በጣም ይገርመኛል። «መነን» መጽሔትን አዘጋጅቷል፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን አዘጋጅቷል፣ የ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» እና የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅ ሆኗል። በመጨረሻም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ደረሰ። ዛሬ ቢሆን የአንድ ትልቅ ሚዲያ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንለው ነበር። አንድ ልዩነት አለ። እሱ የሠራባቸው ቤቶች ዞረው ዞረው ባለቤታቸው መንግሥት ነበር።

ቀን ቀን የሌላ ሰው ቃል ሲያርም ይውላል፤ ልብ ወለዶቹ ደግሞ የራሱ ነበሩ። «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ወጣ። «የሕሊና ደወል» በ1966 ተከተለ፤ እሱን ኋላ ላይ አስፍቶ «ሐዲስ» ብሎ እንደገና ጻፈው። በ1972 «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው» መጡ። «ደራሲው» ስለ አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ኑሮ ስለሆነ ሙያው ያላችሁ ልጆች አንብቡት፤ ብዙ ሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ውስጥ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ያያል። እኔ ግን በዓሉ ራሱም ውስጡ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ገበያውን እንየው። በ1967 ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ትልልቁ ፋብሪካም፣ መሬቱም፣ ትርፍ ቤቱም ተወረሰ። ጋዜጣውና ሬዲዮው በአብዛኛው ድሮም የመንግሥት ነበሩ። ለመጽሐፍ ደግሞ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቋመ፣ እሱም የመንግሥት። ስለ ኩራዝ ክፉ ብቻ ማውራት ግን ትክክል አይመስለኝም። ከዚያ በፊት ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤት የሚሄደው የራሱን ወይም የተበደረውን ገንዘብ ይዞ ነበር፤ ካልተሸጠለት መጽሐፉ አልጋ ሥር ተከምሮ ይቀራል። ኩራዝ የማሳተሚያውን ወጪ ሲሸከም ደራሲው ቢያንስ ከዕዳ ተረፈ። በእኛ ቋንቋ ባለገንዘብ አገኘ ማለት ነው፤ እኩል ገባ።

ችግሩ ይሄ ባለገንዘብ ሌላ ሥራም ነበረው። ያው መንግሥት የበዓሉ አሠሪ ነው፣ ደመወዝ ከፋይ ነው፣ አሳታሚ ነው፣ ሳንሱር አድራጊ ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ ማንሳትም ይችላል። ሞኖፖሊ ስንማር አስተማሪያችን ሁልጊዜ የሚነግሩን ስለ ዋጋ መወደድ ነበር። አንድ ባለቤት ብቻ ባለበት ገበያ የሚጠፋው ግን ርካሽ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ እምቢ ቢሉህ የምትሄድበት ሁለተኛ በር ነው።

በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተከፈተ። ኤርትራ ውስጥ ያለውን ጦርነት አንድ ጊዜ ለመጨረስ የታቀደ፣ ወታደራዊም ፖለቲካዊም ትልቅ ዘመቻ ነበር። በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አስመራ ሄደ። ሥራው ድሉን መንገር ነበር። ዘመቻው ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ ናቅፋ አልተያዘም። በዓሉ ያየውን ይዞ ተመለሰና ልብ ወለድ ጻፈ። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ፣ አዲስ አበባ የምትጠብቀው እጮኛው ሮማን፣ አስመራ ያገኛት ፊያሜታ ጊላይ፣ በዙሪያቸው ደግሞ ባለሥልጣናትና ሰላዮች። ርዕሱ አስመራ ላይ የሚነገር፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በቃ፣ አበቃ እንደ ማለት ነው። ስሞቹ ቢቀየሩም አንባቢው ከጀርባቸው ያሉትን እውነተኛ ሰዎች ለማወቅ አልተቸገረም። ራሳቸው ሰዎቹም አልተቸገሩም።

«ኦሮማይ» በ1975 በኩራዝ ታተመ። አስቡት፤ የመንግሥት ዘመቻ ለምን እንደከሸፈ የሚያሳይ ልብ ወለድ፣ በመንግሥት ባለሥልጣን ተጽፎ፣ በመንግሥት ገንዘብ ታተመ። እንዴት አለፈ የሚለው ላይ እስከ ዛሬ ብዙ ይወራል፤ ወሬውን ትቼዋለሁ። የተፈጠረው ነገር ግን ግልጽ ነው። ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ፈገግ ይላል። አቅርቦት ተቆረጠ፣ ፍላጎት ጨመረ። ከመሰብሰብ ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች ሽፋናቸው ላይ ከተጻፈው ዋጋ ብዙ እጥፍ ተሸጡ። በታይፕ እየተመታ፣ ፎቶ ኮፒ እየተደረገ በድብቅ ዞረ። የዚያ ዘመን ቴሌግራም በሉት። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ኩራዝ የወረቀትና የቀለም ወጪውን አጣ፤ ግን ድርጅቱ አልተዘጋም። ጥቁር ገበያው አተረፈ። አንባቢው የፈለገውን አገኘ። ደራሲው ከዚያ ሁሉ ሽያጭ አንድ ሳንቲም የሚደርስበት መንገድ አልነበረም፤ ይባስ ብሎ ደመወዙም ቀረ። ያ ዘመን ደግሞ የተባረረ ጋዜጠኛ ወደ ሌላ ጋዜጣ ሄዶ የሚቀጠርበት አልነበረም፤ ሁሉም ጋዜጣ የዚያው ባለቤት ነው።

አክሲዮን ኩባንያ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ። ኩባንያው ሲከስር ባለአክሲዮኑ የሚያጣው ያስገባውን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ቤቱን፣ ልጁን፣ ነፍሱን አይነኩበትም። ሰው ደፍሮ አዲስ ነገር ላይ ገንዘብ የሚያወጣው ኪሳራው ጣሪያ ስላለው ነው። በዓሉ ያስገባው ድርሻ ጽሑፍ ነበር። ለእሱ ግን ኪሳራው ጣሪያ አልነበረውም።

ሩሲያዊው ፓስተርናክ ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ ይታየኛል። «ዶክተር ዢቫጎ»ን ሀገሩ አላሳትምም ስትለው ጽሑፉ ጣሊያን ደረሰና ሚላን ያለ ፌልትሪኔሊ የሚባል የግል አሳታሚ በ1957 እ.ኤ.አ. አወጣው። አሳታሚው ራሱ ኮሚኒስት ነበር፤ እንዳያወጣው ተጫኑት፣ ግን ማተሚያውም ገንዘቡም የእሱ ስለሆነ ወሰነ። ፓስተርናክም ቢሆን በሰላም አልኖረም፤ ኖቤሉን እንዲተው ተገደደ። ቢሆንም ከአደጋው የተወሰነውን የተሸከመለት ሌላ ትከሻ ነበረ። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ያኔ ሚላን የለችም።

በየካቲት 1976 አንድ ምሽት በዓሉ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ቃሊቲ አካባቢ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ መቃብሩም አይታወቅም። ባለቤቱና ልጆቹ ለዓመታት ሲጠይቁ ኖሩ።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ በአሮጌው መንገድ ስንመጣ ቃሊቲን አልፈን አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ከዚያ ታጥፈን መቂ ነው። ሚኒባሱ ቃሊቲ ላይ ተሳፋሪ ለመሙላት ሲቆም ያቺን መኪና ሳላስብ ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ረዳቱ ስለ መልስ ይጨቃጨቃል፣ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «ኦሮማይ» እንደገና ታትሞ በግልጽ ተሸጠ። በ2017 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ ሀገር ወጣ። አሁን የማን ንብረት ነው የሚለውን ሕጉ ይመልሳል። በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እያለ የራሱ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው ይላል። ይሄን አንቀጽ ሳነብ ቆም አልኩ። 50 ዓመቱ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፤ የበዓሉን የሞት ቀን ደግሞ የሚያውቁት ገዳዮቹ ብቻ ናቸው። የሕግ ሰዎች መፍትሔ አያጡለትም። የጠፋበትን የካቲት ብንይዝ እንኳ መብቱ እስከ 2026 ድረስ የቤተሰቡ ነው።

ወደ ፒዲኤፌ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን አንድ ጽሑፍ፣ ስሙን የማልጠራው የዩቲዩብ ቻናል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ አቀረበው። ስሜ የለም። ማስታወቂያው ግን በየመሀሉ አለ። በጣም ተናደድኩ፤ መልእክት ጻፍኩላቸው፣ አልመለሱልኝም። ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ኦሮማይ»ን ከየት አምጥቼ እንዳነበብኩት ጠየቀኝ። እሱም ያነበበው እኔ ልኬለት ነው።

የዛሬው አደጋ እንደያኔው አይደለም፤ እኔ ብከስር የምከስረው ሁለት ሳምንት ነው። ፎቶ ኮፒ ያደረጉት የ1975 አንባቢዎችም ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ ባያደርጉት መጽሐፉ ራሱ ሊጠፋ ይችል ነበር። እኔ ግን ምርጫ ነበረኝ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ስሄድ «ኦሮማይ»ን ገዛሁት። ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብዙም አይበልጥም እያልኩ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ፤ ይበልጣል። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩትና ቃሊቲ ስንደርስ ዘጋሁት።

ፒዲኤፉን ግን እስካሁን ከስልኬ አላጠፋሁትም።