ዳግማዊ ምኒልክ፣ መኪናና መፍቻ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በላፍቶ ሠፈር፣ መኪናውን በግቢው አቁሞ ቀላል ብልሽት በራሱ እጅ የሚያስተካክል ሰው ከጎኑ የሚያኖራቸው ዕቃዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻና በልካቸው የተደረደሩ ጥቂት መፍቻዎች አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ዛሬ ተራ ነገር ቢመስሉም፣ በኢትዮጵያዊ እጅ ያለ ኀፍረት እስኪያዙ ድረስ ረጅም ዘመን አልፏል። የታሪኩም መነሻ ከዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ከላፍቶ በስተ ምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ንጉሡ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ወደ ቴዎድሮስ ግቢ ተወሰደ። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የአውሮፓ ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። በዚያ ግቢ ያደገ ልጅ የመንግሥት ኃይል በጦረኛው ክንድ ብቻ ሳይሆን በብረት ሠሪው እጅም እንደሚቆም ሳይገነዘብ አይቀርም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ነገሡ።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት ባለእጆች ጋር ወደ ሸዋ መጣ። ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ታላቅ ግንብ እንዲሠራ ሳይሆን አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሰፋ እንደ ነበር ይነገራል። ኢልግም ትእዛዙን ሳይንቅ ፈጸመ። ከዚያ በኋላ ድልድይ ሠራ፣ ውኃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ፣ በ1886 ዓ.ም. የተፈቀደውን የምድር ባቡር ሥራም ከጀመሩት አንዱ ሆነ። ምኒልክ አዲስ መሣሪያ በቀረበላቸው ጊዜ ከምን እንደ ተሠራና እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቀው ይጠይቁ እንደ ነበር ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል።

ከዐድዋ ድል በኋላ ለሥራው ሰፊ ጊዜ ተገኘ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም በሕዝቡ ዘንድ የሰርኪስ ባቡር ተብሎ ስሙ ቀረ። መኪና ከመምጣቱ በፊት መኪና የሚሄድበት መንገድ ያስፈልግ ነበርና፣ የዚህ መሣሪያ መምጣት ተገቢውን ቅደም ተከተል የያዘ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሲድሌይ የምትባል ባለ 18 የፈረስ ጉልበት አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ። መንገዱ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር። በየስፍራው ነዳጅ የሚቀዳበት ማደያም ሆነ ጎማ የሚለጠፍበት ጋራዥ አልነበረም። በዚያ ዘመን መኪና የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ሲሆን፣ በመንገድ የተሰበረውንም እዚያው በመንገድ መጠገን ግድ ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ያህል ዋጋ የነበረው ከመኪናዋ ጋር የተጫነው የመሣሪያ ሣጥን ነው። ንጉሡ በመኪናዋ ተሳፈሩ፤ የከተማውም ሕዝብ ያለ ፈረስ የምትሄደውን ሠረገላ በአድናቆት ተመለከተ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ሌላ መኪና አመጣ።

ይሁን እንጂ መኪናው የመጣው ከነጠጋኙ ነበር። ጠጋኙ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕውቀቱም አብሮት ይመለሳል። ይህን ጉድለት ለመሙላት አገሬው ራሱ መፍቻ መያዝ ነበረበት፤ መሰናክሉ ግን የችሎታ ማነስ አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ፣ በቡዳነትም ይጠረጠር ነበር። እጁ በዘይትና በጥላሸት የጠቆረ ሰው የሚናቅበት አገር መካኒክ ሊያፈራ አይችልም።

ምኒልክ ይህን አስተዋሉ። መኪናዋ በገባችበት በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተገኘ መሆኑን አስታውሰው፣ ባለእጅን የሚያዋርድ ሰው እንደሚቀጣም ደነገጉ። ልማድ በአንድ ዐዋጅ አይሻርምና ስድቡ ወዲያው አልጠፋም። ነገር ግን ለሙያው ሰዎች ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ማመዛዘን ይገባል። ሲድሌይ ያገለገለችው ጥቂቶችን ነው። ዐዋጁ ግን መዶሻና መፍቻ ለሚይዝ እጅ ሁሉ ክብርን አወጀ።

ንጉሡ በመኪናዋ ብዙ ሊጠቀሙ አልቻሉም። ሕመሙ ጸንቶባቸው በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ ራቁ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ መኪናው በረከተ፤ ጋራዡም ተከተለ። ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላና ፍሬን የሚሉት ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በዐድዋ የተሸነፈው ወገን በመካኒኩ ሣጥን ውስጥ ስሙን ትቶ መሄዱ፣ ሙያው ለረጅም ጊዜ ከባዕድ እጅ ሲቀዳ የኖረ መሆኑን ያመለክታል። ስሙ የባዕድ ቢሆንም፣ ዛሬ መሣሪያውን የሚያዞረው እጅ ኢትዮጵያዊ ነው።

ሙያውን ማክበር የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። ልኩ ያልሆነ መፍቻ የብሎኑን ራስ ይበላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ጽኑ ድጋፍ ሳያደርጉ መግባት ሕይወትን ያሳጣል። ያልተጠረገና ያለ ቦታው የተጣለ ዕቃ በተፈለገ ጊዜ አይገኝም። ከሁሉ በላይ፣ በላፍቶም ሆነ በሌላው ሠፈር ከመኪና ሥር ተኝቶ መፍቻ የሚያቀብለው ለማጅ ልጅ በሥራው ሊከበር ይገባዋል። የ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ ፍጻሜውን የሚያገኘው፣ ያ ልጅ የጠቆረ እጁን ሳይደብቅ በሰው ፊት ሲቆም ነው።