እጨጌ ዕንባቆም፤ የመጻሕፍት ተርጓሚ

በሊቃውንት ጉባኤ ተቀምጦ የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ድርሳን የተማረ ደቀ መዝሙር፥ መምህሩ ንባቡን እያሰማ ትርጓሜውን ሲያወርድለት፥ ያ ቃል በመጀመሪያ በጽርእ እንደ ተነገረ፥ ከጽርእም ወደ ዐረብ፥ ከዐረብም ወደ ግዕዝ እንደ ተሻገረ ሰምቶ ይሆናል። ያሻገረውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ድልድይ ተሻግሮ የሚሄድ መንገደኛ የግንበኛውን ስም እንደማይጠይቅ፥ እንዲሁ ነው። ደራሲው በየጉባኤው ይወደሳል፤ ተርጓሚው ግን በመጽሐፉ መጨረሻ በምትገኘው ጥቂት መስመር ተወስኖ ይቀራል። የዚህ ድርሳን ተርጓሚ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ነው።

ዕንባቆም በትውልዱ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የተወለደው በየመን፥ ያደገውም በእስልምና ነው። የዐረብን ቋንቋና ቁርኣንን ከልጅነቱ ተምሯል። ወደ አገራችን የመጣው በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፥ ይኸውም ከ1470 እስከ 1486 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከጊዜም በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ደረሰና በዚያ ዘመን የገዳሙ አለቃ ከነበረው ከእጨጌ ጴጥሮስ እግር ሥር ተቀመጠ። ሃይማኖትን የተቀበለው ግን በአንድ ቀን አይደለም፤ ሲጠይቅ፥ ሲመረምር፥ ሲያነብም ኖሮ ነው እንጂ። ከዚያም በእጨጌ ጴጥሮስ እጅ ተጠመቀ፤ ስሙም ዕንባቆም ተባለ፤ በኋላም መነኰሰ። ይህ ስም ያለ ምክንያት የወጣለት አይመስልም። ነቢዩ ዕንባቆም ፈጣሪውን የጠየቀ፥ መልሱንም በመጠበቂያው ላይ ቆሞ የጠበቀ፥ የሰማውንም አንባቢ በሚያነብበው መልክ እንዲጽፍ የታዘዘ ነቢይ ነውና።

ከዚህ በኋላ የተማሪነት ዘመኑ ሆነ። ግዕዝን በሕፃንነቱ ከፊደል ጀምሮ በዳዊት ንባብ ያደገበት ሰው እንኳ ቅኔውን ቈጥሮ፥ ሰዋስውን አገባብ ከነርባታው ለማወቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አንባብያን ታውቃላችሁ። ዕንባቆም ይህን የጀመረው ካደገ በኋላ ነው። የዐረብኛና የግዕዝ ዝምድና እንደ ረዳው የታመነ ነው፤ ሁለቱ ልሳናት እኅትማማቾች ናቸውና። ነገር ግን ዝምድናው ራሱ ወጥመድ አለበት። በግዕዝ ላሕም ሲባል በሬ ወይም ላም ነው፤ ያው ቃል በዐረብኛ ሥጋ ማለት ነው። በድምፅ የሚመሳሰለውን ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ፥ በሬው ባለበት ሥጋ ያቀርባል። ዕንባቆም ግን በግዕዙ እጅግ የሠለጠነ ሆነ፤ ገድሉም ከነዚህ ከሁለቱ በቀር ሌሎችን ልሳናት ያውቅ እንደ ነበር ይናገራል። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን በተቀመጡበት ወቅት እንዲህ ያለ ሰው በገዳም መገኘቱ ለመንግሥትም ለቤተ ክርስቲያንም ትልቅ ነገር ነበረ።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት የሚተረጕመው የአፈ ወርቅ ድርሳን ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ትእዛዝ ከዐረብኛ ተመልሶ በ7015 ዓመተ ዓለም፥ ይኸውም በ1515 ዓ.ም. ተፈጸመ። ድርሳኑ ሠላሳ አራት ክፍል ነው። ስለ ክርስቶስ ሊቀ ካህናትነት፥ ስለ ብሉይና ስለ ሐዲስ መሥዋዕት የሚናገረው መልእክት ለመተርጐም ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ አንዲት ቃል ብትሳሳት ምሥጢሩ ይናጋልና። አንዳንድ ሰዎች ከዐረብኛ የተመለሰው ግዕዝ ከቀድሞው፥ ከጽርእ ከተመለሰው ግዕዝ ይልቅ ሻካራ ነው፥ ሐረጉም ይረዝማል እያሉ ይነቅፉታል። ነቀፋው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ሻካራነቱ የሚመጣው ተርጓሚው ምሥጢሩ እንዳይፈስበት ቃሉን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ነው። ለጆሮ እንዲጥም ብሎ ምሥጢር ከሚያስቀር ተርጓሚ፥ ጆሮን አስቸግሮ ምሥጢሩን ያልነጠቀን ይሻላል፤ የሚያስቸግረውንም ለማቅናት የአንድምታ መምህራን አሉልን።

መምህሩ ጴጥሮስ ሲያርፍ ዕንባቆም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆኖ ተሾመ። ከባሕር ማዶ የመጣ፥ በሌላ ሃይማኖት ያደገ ሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወንበር መቀመጡ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። ሹመትም ከሳሽ አያጣምና በንጉሡ ፊት ተከሶ ተጋዘ፤ በኋላም ምሕረት ተደረገለት። በዚህ ነገር ብዙ መቈየት አያስፈልግም፤ ከዚህ የበለጠ መከራ እየመጣ ነበረና።

በ1523 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ መነኰሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲቃጠል አይተው ራሳቸውን ወደ እሳቱ እንደ ወረወሩ በመደነቅ ይተርካል። ከቤተ ክርስቲያኑም ጋር መጻሕፍቱ ነደዱ። የብራና መጽሐፍ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለካህናት መናገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፋቃል፤ ይወጠራል፤ ይደርቃል፤ ይሰመራል፤ ጸሓፊውም ቀለሙን በጥብጦ፥ መቃውን ቀርጾ ወራትን ጐንብሶ ይቀመጣል። የአንድ ሰው ዕድሜ ሥራ በአንዲት ሌሊት ዐመድ ይሆናል። በዚያ ዘመን በሸዋ፥ በአምሐራ፥ በትግራይ እንዲህ የጠፋውን መጽሐፍ ቍጥር እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የድሉን መጽሐፍ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የጂዛን ሰው ነው፤ ጂዛንም ከየመን አጠገብ፥ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ናት። የሚነደውን ገዳም መጽሐፍ የሚያውቀው ዕንባቆምም ከዚያው ወገን ባሕሩን ተሻግሮ የመጣ ነው። ሁለት የአንድ ቋንቋ ልጆች፥ ሁለቱም የብዕር ሰዎች፥ በአንድ እሳት ወዲህና ወዲያ ቆመው ጻፉ።

ዕንባቆም በስደት ከቦታ ወደ ቦታ ሲንከራተት ሰይፍ አልያዘም። በ1532 ዓ.ም. ገደማ ለኢማም አሕመድ መልእክት ጻፈ፤ በመጀመሪያ በዐረብኛ፥ በኋላም ራሱ ወደ ግዕዝ መለሰው። ይህ አንቀጸ አሚን የተባለው መጽሐፉ ነው፤ የሃይማኖት በር ማለት ነው። አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠል፥ መነኰሳትንም መግደል እንደማይገባ፥ ኢማሙ ራሱ ከሚያምንበት መጽሐፍ እየጠቀሰ ይከራከረዋል። ስለ ክርስቶስና ስለ እመቤታችን በቁርኣን የተነገረውን እያነሣ ይጠይቃል፤ ወንጌል በየሕዝቡ ቋንቋ መሰበኩንም እንደ ምስክር ያቀርባል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ እጁ ሥራ ያውቀው ነበር። መጽሐፉ የክርክር ነውና በየቦታው ቃሉ ይጠነክራል፤ ዛሬ የሚያነበው ሰው ያን የእሳት ዘመን ከልቡ ሳያወጣ ማንበብ ይገባዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ዕንባቆም በልጅነቱ የተማረውን መጽሐፍ ትቶት ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቃሉን ግን በጥንቃቄ ይዞት ኖሯል። የተለየውን መጽሐፍ ባያከብር ኖሮ፥ ያቃጠለውን ሰው በምን ያናግረው ነበር? የሌላውን መጽሐፍ ሳያነቡ በሰሚ ሰሚ የሚከራከሩ ሰባክያን በየዘመኑ አይጠፉም፤ አንቀጸ አሚን ከነዚያ ወገን አይደለም።

በ1535 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኢማሙ በጦርነት ሞተና አገሪቱ ዕረፍት አገኘች። ዐፄ ገላውዴዎስም ዕንባቆምን ወደ እርሱ አቅርቦ አከበረው። የፈረሰው ብዙ ነበረ፤ ሰዉ ተበትኗል፤ በጦርነቱ ሃይማኖቱን ለውጦ የነበረውም ይመለሳል፤ የሚያስተምርበት መጽሐፍ ግን የለም። ሽማግሌው እንደ ገና ብዕሩን አነሣ። በ1545 ዓ.ም. ገደማ በረላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይዋስፍ ሕመምን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በአዳራሽ ተዘግቶበት ያድጋል፤ ግን ያያል። በረላም የተባለ ባሕታዊ የነጋዴ ልብስ ለብሶ፥ የከበረ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም የንጉሡ ልጅ መንግሥቱን ትቶ ወደ በረሃ ይሄዳል። ዘውዱን ለማዳን ዕድሜውን በጦር ሜዳ ላሳለፈ ንጉሥ፥ ዘውዱን የጣለ ንጉሥን ታሪክ ማቅረብ ድፍረት ነው። ገላውዴዎስ ግን አልተቈጣም፤ መጽሐፉ የተመለሰው ለእርሱ ነበርና።

የዘመናችን ሊቃውንት መርምረው የዚህን ታሪክ ሥር በሕንድ በሚተረከው በቡድሃ ሕይወት አግኝተውታል። ከሕንድ ወደ ፋርስ፥ ከዚያ ወደ ዐረብ፥ ወደ ጆርጂያ፥ ከጆርጂያም ወደ ጽርእ ተሻግሯል፤ ክርስቲያኖችም በየደረሰበት የክርስትናን ትምህርት አልብሰውታል። ይህን ሰምተው ቅር የሚላቸው ምእመናን ይኖሩ ይሆናል። ለእኔ ግን ነውር ሆኖ አይታየኝም። ንግሥተ ሳባ ሽቱውንና ወርቁን ከሩቅ አምጥታ በኢየሩሳሌም አቅርባ የለምን? ዕንባቆም የመጽሐፉን የሩቅ ሥር አላወቀም፤ ሆኖም ከባሕር ማዶ የመጣን ነገር ተቀብሎ ማጥመቅ ምን እንደ ሆነ በገዛ ሕይወቱ ያውቀው ነበር።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በጦር ሜዳ ወደቀ። ዕንባቆም ከእርሱ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሮ በሸመገለ ዕድሜው ዐረፈ። አንቀጸ አሚን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 በሆላንድ አገር በአንድ ሊቅ ታትሟል። በረላም ወይዋስፍም በዚያው አቈጣጠር በ1923 በእንግሊዝ አገር በባጅ እጅ ታተመ። ባጅ የሠራባቸው የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩ ናቸው፤ ከነዚያም ውስጥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ይገኙባቸዋል። በመጽሐፉ መጨረሻ በኩል፥ ታሪኩ ካለቀ በኋላ፥ ንጉሡ አጽናፍ ሰገድ ገላውዴዎስ ተጠቅሷል፤ ከእርሱም ጋር ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው ዕንባቆም መሆኑ ተጽፏል።