የሮበርት ብሩስ የትውልድ ሐረግና የስኮትላንድ ዘውድ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንድ ባላባት የትውልድ ሐረግ የርስቱ ማስረጃና የማዕረጉ ምንጭ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም የዘውድ መብት የሚመዘዝበት መዝገብ ነበር። ለዚህ የስኮትላንዱ ሮበርት ብሩስ ሕይወት ጉልህ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሩስ ቤተሰብ መነሻው ስኮትላንድ አይደለም። ስሙ የተገኘው በኖርማንዲ፣ በኮታንታን ልሳነ ምድር ላይ ከምትገኘው ከብሪክስ መንደር ነው። የቤተሰቡ መሥራች ሮበርት በ1066 እንግሊዝን ከወረረው ከዊልያም ጋር እንደ ዘመተ የኋላ ዘመን የስም ዝርዝሮች ቢያወሱም፣ በሰነድ ጎልቶ የሚታየው ግን በንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን የዮርክሻየር ባለርስት ሆኖ ነው። በ1124 ደግሞ የስኮትላንዱ ንጉሥ ዴቪድ ቀዳማዊ የአናንዴልን ግዛት ሰጠው። ይሁን እንጂ በሁለት ነገሥታት ሥር ርስት መያዝ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በ1138 ሁለቱ አገሮች በተዋጉ ጊዜ ሮበርት ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፈ፤ አናንዴል ግን ከስኮትላንድ ጋር ለወገነው ለታናሽ ልጁ ዘር ጸና።

ከዚህ በኋላ ሐረጉን ለሚከታተል ሰው ትልቁ እንቅፋት የስም መደጋገም ነው። ከአንዱ ከዊልያም በቀር የአናንዴል ጌቶች ሁሉ ሮበርት ይባላሉ። በ1292 አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ፣ ሦስቱም ሮበርት ብሩስ ተብለው በሕይወት ነበሩ። ስለሆነም አንዱን ከሌላው ለመለየት ስም ብቻ አይበቃም፤ የሚስትን፣ የርስትንና የሞትን ዘመን ማመሳከር ግድ ይሆናል። ለቤተሰቡ የንጉሥ ደም ያስገባው የዊልያም ልጅ ጋብቻ ነው። ይኸው ሮበርት ያገባት ኢዛቤላ፣ የሁለት ነገሥታት ወንድም የነበረው የሐንቲንግደኑ መስፍን የዴቪድ ሁለተኛ ልጅ ነበረች።

የዚህ ጋብቻ ዋጋ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1286 ንጉሥ አሌክሳንደር ሣልሳዊ በሌሊት ሲጓዝ ሞተ። ወራሹ የነበረችው ሕፃን የልጅ ልጁ ማርጋሬትም በ1290 ከኖርዌይ ስትመጣ በኦርክኒ ደሴቶች አረፈች። የነገሥታቱ ቀጥተኛ ዘር በዚሁ ተቋረጠ። ዘውዱ ይገባናል የሚሉ ከ10 በላይ ሰዎች ተነሡ። ዳኛ እንዲሆን የተጠራው የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በበኩሉ አስቀድሞ የበላይ ጌትነቱን እንዲቀበሉ አደረጋቸው።

ጉዳዩን 104 ሰዎች መረመሩት፤ ክርክሩም ወደ ሁለት ሰዎች ጠበበ። ጆን ቤሊዮል የመጣው ከመስፍኑ ከዴቪድ የመጀመሪያ ልጅ ከማርጋሬት ሲሆን፣ ለመስፍኑ የልጅ ልጅ ልጅ ነበር። አያት ሮበርት ብሩስ የመጣው ከሁለተኛዋ ልጅ ነው፤ ነገር ግን እሱ የልጅ ልጅ ስለሆነ በአንድ ትውልድ ይቀርባል። በአጭሩ ጥያቄው ብልጫው ለትውልድ ቅርበት ነው ወይስ ለታላቅ ልጅ ሐረግ የሚል ነበር። ከሦስተኛዋ ልጅ የመጣው ጆን ሄስቲንግስ ደግሞ መንግሥቱ እንደ ማንኛውም ርስት ለሦስት ይከፈል አለ። ብሩስም ዋናው ክርክሩ እንደማይጸና ባየ ጊዜ ወደዚሁ ሐሳብ ዞሮ ሢሶውን ጠየቀ። ኅዳር 17 ቀን 1292 በበሪክ ከተማ ለቤሊዮል ተፈረደ። ሽማግሌው ብሩስ ግን ከፍርዱ በፊት የይገባኛል መብቱን ለልጁ አስተላልፎ ነበር።

ኋላ ንጉሥ የሆነው የልጅ ልጅ የተወለደው በ1274 ነው። እናቱ ማርጆሪ የካሪክ ግዛት ወራሽ ስትሆን፣ በእሷ በኩል ከጥንቶቹ የጌሊክ መሳፍንት ይወለዳል። አያቱ በ1295፣ አባቱ በ1304 ሲሞቱ መብቱ በእጁ ገባ። የካቲት 10 ቀን 1306 ተቀናቃኙን ጆን ከሚንን በደምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወጋው፤ ከሚን ሞተ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሮበርት በስኩን ዘውድ ጫነ። በቤተ መቅደስ ደም በማፍሰሱ ከቤተ ክርስቲያን ተወገዘ። ቤተሰቡም ከባድ ዋጋ ከፈለ፦ ሦስት ወንድሞቹ ተገደሉ፣ ሚስቱና ልጁ ተማረኩ፣ እኅቱ ሜሪ በሮክስበርግ ግንብ በእንጨት ቀፎ ውስጥ ታሰረች።

እሱ ግን ከሽሽት ተመልሶ ግዛቱን ቀስ በቀስ አስመለሰ። የያዛቸውን ግንቦች ጠላት ዳግመኛ እንዳይጠቀምባቸው ያፈርስ ነበር። ሰኔ 23 እና 24 ቀን 1314 በባኖክበርን ከእሱ እጅግ የሚበልጠውን የኤድዋርድ ዳግማዊን ጦር ድል ያደረገው የመሬቱን ጠባይ በማጥናት ነው። በመንገዱ ዳር ጉድጓዶች አስቆፈረ፤ የጠላትን ፈረሰኛም በወንዙና በረግረጉ መካከል አጣቦ በረጃጅም ጦር በታጠቀ እግረኛ መታው። በ1328 እንግሊዝ የስኮትላንድን ነጻነት በውል አወቀች። በማግሥቱ ዓመት ሰኔ 7 ቀን ሮበርት አረፈ።

አስከሬኑ በደንፈርምሊን ተቀበረ። ልቡን ግን ጄምስ ዳግላስ ይዞ ከሙስሊሞች ጋር ለመዋጋት ሲጓዝ በ1330 በስፔን ወደቀ፤ ልቡም ተመልሶ በሜልሮዝ ገዳም ዐረፈ። በ1818 በደንፈርምሊን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት መሬት የሚቆፍሩ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። የአጽሙ የደረት አጥንት በመጋዝ ተከፍሎ ነበር፤ የልቡን ታሪክ የሚደግፍ ምስክር ሆነ።

ልጁ ዴቪድ ዳግማዊ በ1371 ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ዘውዱም የሮበርት ሴት ልጅ ማርጆሪ ከዋልተር ስቱዋርት ወደ ወለደችው ልጅ ተሻገረ። በ1603 የእንግሊዝን ዙፋን የወረሰው ጄምስም የዚሁ የስቱዋርት ሐረግ ነው። ብሩሶች የዘውዱን መብት ያገኙት በሴት ልጅ በኩል ነበር፤ ከእነሱ ወደ ስቱዋርቶች የተላለፈውም በሴት ልጅ በኩል ሆነ። በ1292 የሐረጉ ስሌት ሽማግሌውን ብሩስ አላነገሠውም፤ የልጅ ልጁ ግን ያንኑ ሐረግ ይዞ፣ በሰይፍና በመሬት እውቀት አጸናው።