በመድረክ ቀልዳቸው የታወቁትና የሳተርንን ነጭ ነጥብ ያገኙት ዊል ሄይ

ሐምሌ 27 ቀን 1925 ዓ.ም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 3 ቀን 1933 ምሽት፣ በለንደን ኖርበሪ በተባለው ሰፈር ከአንድ መኖሪያ ቤት ግቢ ወደ ሳተርን የተነጣጠረ ቴሌስኮፕ በፕላኔቷ ወገብ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ነጭ ነጥብ አሳየ። ነጥቡን ያዩት ሰው በሙያቸው የሥነ ፈለክ ምሁር ሳይሆኑ፣ በመድረክ ቀልዳቸው የታወቁት ተዋናይ ዊል ሄይ ነበሩ።

ሙሉ ስማቸው ዊሊያም ቶምሰን ሄይ ሲሆን፣ የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1888 በሰሜን እንግሊዝ ስቶክተን ኦን ቲስ ከተማ ነው። በወጣትነታቸው የምሕንድስና ሙያ የቀሰሙ ቢሆንም መተዳደሪያቸውን በመድረክ ላይ አደረጉ። ዝናን ያተረፉት የሚያስተምረውን ነገር በቅጡ የማያውቅ፣ በተማሪዎቹ ዘወትር የሚረታ መምህር ሆነው በመጫወት ነበር። እ.ኤ.አ በ1937 ለእይታ የበቃውና አንድን የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆነው የተጫወቱበት "ኦ ሚስተር ፖርተር" የተሰኘው ፊልም ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው።

ከመድረክ ሲወርዱ ግን ሄይ ሌላ ሰው ነበሩ። የሌንሱ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቴሌስኮፕ ሰማይን ይመለከቱ፣ የጅራታም ኮከቦችን አቀማመጥ ይለኩ ነበር። ጊዜን በትክክል የሚመዘግብ መሣሪያ፣ እንዲሁም በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ የሚያነጻጽር ሌላ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ1932 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር በአባልነት ተቀበላቸው። በዚህ መስክ የሚጠቀሙበት ስምም ደብሊው ቲ ሄይ የሚል ሲሆን፣ ከመድረክ ስማቸው የተለየ ነበር።

የሳተርን የደመና ቀበቶዎች በአብዛኛው ደብዘዝ ያለ ቢጫ ቀለም ያላቸውና ለረጅም ጊዜ ጉልህ ለውጥ የማይታይባቸው ናቸው። በመሆኑም ደማቅ ነጭ ነጥብ በድንገት መታየቱ ከባድ ጥያቄን የሚያስከትል ነበር። ዜናው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ ሕዝብን በማሳቅ የሚተዳደር ሰው ያቀረበው ሌላ ቀልድ ተደርጎ መቆጠሩ የሚቀር አልነበረም። ሄይ ያዩትን ወዲያው ከማወጅ ይልቅ ልምድ ላላቸው ተመልካች ለዶክተር ደብሊው ኤች ስቲቨንሰን አስታወቁ፤ እርሳቸውም ነጥቡን በራሳቸው መሣሪያ አይተው አረጋገጡ።

ነጥቡ የፕላኔቷን መካከል የሚያቋርጥበት ሰዓት በየጊዜው ተመዘገበ። ሳተርን በወገቧ አካባቢ በ10 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ የምትዞር በመሆኗ፣ እንዲህ ያለው መዝገብ የደመናውን ፍጥነት ለማስላት ያስችላል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ነጥቡ እየተለጠጠ ሄዶ የወገቧን ቀበቶ አደመቀው።

ተመሳሳይ ነጭ ነጥቦች እ.ኤ.አ በ1876 እና በ1903 ታይተው ነበር። ከሄይ በኋላም እ.ኤ.አ በ1960 በደቡብ አፍሪካ፣ በ1990 ደግሞ በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎች ነበሩ። በ2010 የተነሳውን ግዙፍ ማዕበል ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በቅርበት ተከታትላዋለች። እ.ኤ.አ በ2015 የቀረበ ጥናት ለክስተቱ መዘግየት ምክንያት ሰጥቷል፤ በሳተርን አየር ውስጥ የውኃ ተን ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ስለሚከብድ፣ እርጥቡ አየር ከታች ታፍኖ ይቆያል፤ የላይኛው አየር በአሥርት ዓመታት ቀዝቅዞ ሲከብድ ግን ማዕበሉ ይፈነዳል። ይህ ረጅም ዑደት ሊታወቅ የቻለው ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ በቆየ መዝገብ ነው።

ሄይ እ.ኤ.አ በ1935 ስለ ሥነ ፈለክ ለአጠቃላይ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም ዕውቀታቸውን ለባሕር ኃይል ሠልጣኞች አካፍለዋል። እ.ኤ.አ በ1949 በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ አረፉ። 3125 የሚል ቁጥር የተሰጠው ንዑስ ፕላኔት በስማቸው ተሰይሟል።

ለንደን ላይ ሳተርን አንዳንድ ዓመታት ከአድማስ እምብዛም ከፍ ሳትል ታልፋለች። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ በምትገኘው የወላይታ ዞኗ ሻንቶ ከተማ ግን ፕላኔቷ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ከ60 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አነስተኛ ቴሌስኮፕና የመመዝገቢያ ደብተር ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ሥፍራው ከኖርበሪ የተሻለ እንጂ ያነሰ አይደለም። የሄይ ሕይወት የሚያስገነዝበውም ሰው ከሚተዳደርበት ሥራ ውጭ እንኳ ያየውን በጥንቃቄ ከመዘገበና ከማሳወቁ በፊት ካረጋገጠ፣ ለትውልድ የሚጠቅም ዕውቀት ማቆየት እንደሚችል ነው።