ዑመር አል-ኸያም፦ ያልፈቱትን ጥያቄ ለተተኪ ያቆዩ ሊቅ



ብዙ ሰው ዑመር አል-ኸያምን የሚያውቃቸው በግጥም ነው። በአዳማ ሳይንስና ምህንድስና ለምንማር ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበን የሒሳብ ሥራቸው ነው።

ኸያም በ1048 እ.ኤ.አ. በኒሻፑር ተወለዱ። በ1070 ገደማ ሰመርቀንድ ሳሉ፣ በቃዲ አቡ ጣሂር ድጋፍ የአልጀብራ መጽሐፋቸውን ጻፉ። ከእሳቸው በፊት አል-ኸዋሪዝሚ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ያሉትን ኢኩዌሽኖች ሥርዓት አስይዘው ነበር። ኸያም ወደ ሦስተኛው ተሻገሩ። ኢኩዌሽኖቹን በየዓይነታቸው ለይተው፣ ለአንዱ ክብንና ፓራቦላን፣ ለሌላው ፓራቦላንና ሃይፐርቦላን ሣሉ፤ ኩርባዎቹ የሚቋረጡበት ነጥብ መልሱን ይሰጣል።

በ1074 ሱልጣን መሊክ ሻህ ወደ ኢስፋሃን ጠርተዋቸው በከዋክብት መመልከቻው ሠሩ፤ የጀላሊ ዘመን አቆጣጠርም ከዚያ ወጣ። ሱልጣኑ በ1092 ሲሞቱ ድጋፉ ተቋረጠ። ኸያምም ሐጅ አደረጉ፤ በ1131 በኒሻፑር አረፉ።

ከሁሉ የሚያስተምረን ግን ሐቀኝነታቸው ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ በቁጥር ብቻ የሚሠራ መንገድ እንዳላገኙ በመጽሐፋቸው ገልጸው፣ ምናልባት ከኋላ የሚመጡ እንደሚያገኙት ተስፋ አደረጉ። ከ400 ዓመታት በላይ ቆይቶ በጣሊያን ተገኘ። ዛሬ የሦስተኛ ዲግሪ ኩርባዎች በስልካችን የምንልከውን መልእክት ይቆልፋሉ፤ በመንገድ የተበላሸ መረጃን የሚያርሙ ኮዶችም ከአልጀብራ ኩርባዎች ይሠራሉ።

በጥናታችን ያልደረስንበትን አለመደበቅም አማና ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይጨምርልን። አሚን።