የብላቴን ጌታ ኅሩይ የሥራ ፋታ

በመርካቶ ጭድ ተራ የሚባለውን ሰፈር በስሙ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ጭድ ማለት እህል በአውድማ ተወቅቶ ፍሬው ከተለየ በኋላ የሚቀረው ነው። ችኩል ሰው ፍሬውን አፍሶ ጭዱን ለነፋስ ይተወዋል። ብልህ ገበሬ ግን በታኅሣሥና በጥር ከምሮ ያኖረዋል፤ ሣር ሲጠፋ ከብቱን ይቀልብበታል፤ የተረፈውንም ወደ ከተማ አምጥቶ ይሸጠዋል። የከተማውም ሰው ከጭቃ ጋራ አቡክቶ የቤቱን ግድግዳ ይመርግበታል። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፣ ትርፍ የሚመስለው ነገር የግድግዳው ማሰሪያ ሆኖ ይገኛል።

የመሥሪያ ቤት ጊዜም እንዲሁ ነው። ባለጉዳይ የሚበዛበትና ደብዳቤ የሚከመርበት ሰዓት ፍሬው ነው። ባለጉዳይ ያነሰበት፣ አለቃ በስብሰባ የዋለበት፣ ለመልእክት የተላከ ሰው መጓጓዣ የሚጠብቅበት ሰዓት ደግሞ ጭዱ ነው። ይህን ጭድ ለነፋስ ሳይሰጡ ቤት የሠሩበት ሰው ከአገራችን ሰዎች መካከል ቢፈለግ፣ አስቀድሞ ከሚጠሩት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የዛሬው የመርካቶ ገበያ የተቋቋመው ጣልያን ከገባ በኋላ ስለሆነ እርሳቸው አልደረሱበትም፤ በእርሳቸው ዘመን የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ ነበር። የሕይወታቸው ትምህርት ግን ለዚያም ለዚህም ዘመን ይሆናል።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው በእንጦጦ ራጉኤል የግዕዝ ዕውቀታቸውን አዳበሩ። ለከፍተኛ ሹመት ያበቃቸው የጦር ሜዳ ስም ወይም የመሳፍንት ዘር ሳይሆን ብዕራቸው ነው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጊዮርጊስ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ከመሩት የመልእክት ጓድ ጋራ ሄዱ። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ የዚያን ጊዜ መልእክተኛ ከባሕር ለመድረስ ብቻ እንኳ ብዙ ቀን በበቅሎ መጓዝ ነበረበት።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚቆጥር አንድ ዝርዝር አሳተሙ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም፤ ሠራዊትም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሁለት ስም እየጨመሩ መጻፍንና አለመሰልቸትን ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለፋታ ጊዜ የተፈጠረ ነው። በእርሳቸው ጊዜ አገሩ የነበሩትን መጻሕፍት በአንድነት የሚያሳይ መዝገብ ማግኘት ቀርቶ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ እንደሚያስፈልግ ያሰበው ሰው ጥቂት ነበር። ኅሩይ ግን ዝርዝሩን ትተውት አልሄዱም፤ ከዓመታት በኋላ፣ በ1920 ዓ.ም.፣ አስፍተው እንደገና አወጡት።

ከዚህ በኋላ ሥራቸው እየከበደ ሄደ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መሩ፤ በልዩ ፍርድ ቤት ሠሩ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አገልግለው እስከ ሚኒስትርነት ደረሱ። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄዱ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን መልእክተኛ በአውሮፕላን በአንድ ሌሊት አይደርስም። ከጂቡቲ ወደብ ተነሥቶ በመርከብ ሲሄድ፣ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ከሆነ፣ ሳምንታት በባሕር ላይ ያልፋሉ። በመርከቡ ላይ የሚፈረም ደብዳቤ የለም፤ ደጅ የሚጠና ባለጉዳይም የለም። ይህን ጊዜ በእንቅልፍና በጨዋታ ቢያሳልፉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ኅሩይ ግን ካዩት አገር ሁሉ መጽሐፍ ይዘው ይመለሱ ነበር። ስለ አልጋ ወራሹ የአውሮፓ ጉብኝት ደስታና ክብር የተባለውን መጽሐፍ በዚያው በ1916 ዓ.ም. አወጡ። ስለ ጃፓን የጻፉት ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውም፣ ጉዞው በተደረገበት በ1924 ዓ.ም. ታተመ። ያዩትንና የሰሙትን በመንገድ ሳሉ በማስታወሻ ያልያዘ ሰው፣ የሚኒስትርነት ሥራ ከሚጠብቀው ቤት ተመልሶ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሊያወጣ አይችልም።

ደግሞም የኅሩይ ትርፍ ሰዓት ከሥራቸው የተሰረቀ አልነበረም። የተላኩበትን ጉዳይ ለመንግሥት ፈጸሙ፤ ያዩትን ደግሞ መንገዱን ለማያገኝ ለአገራቸው ሰው አካፈሉ። በሥራ ሰዓት የግል ንግድ ማካሄድና በፋታ ጊዜ ለሥራው የሚጠቅም ነገር ማዘጋጀት፣ ሁለቱም ባዶ ሰዓትን መሙላት ቢመስሉም፣ አንዱ ስርቆት ሁለተኛው ግን አገልግሎት ነው።

ብዕራቸው በጉዞ ታሪክ ብቻ አልተወሰነም። በ1921 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት ዋዜማን አሳተሙ። በ1925 ዓ.ም. ባወጡት አዲስ ዓለም ደግሞ፣ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከወገኖቹ ልማድ ጋራ የሚገጥመውን ችግር በልብ ወለድ አሳዩ። ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። መጻሕፍታቸው ሲቆጠሩ ከሃያ ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ትቶ በገዳም የተቀመጠ ሰው ድካም ሳይሆን፣ ጧት ወደ ቢሮ የሚገባ ሹም ሥራ ነው።

ከአድዋ ድል፣ ከ1888 ዓ.ም.፣ እስከ ጣልያን ሁለተኛ ወረራ ድረስ አርባ ዓመት አለፈ። የውስጥ ጠብ ባይጠፋም፣ ለአገሪቱ ያ ዘመን ከውጭ ጠላት የተገኘ ፋታ ነበር። ፋታ ግን ማለቂያውን ቀድሞ አይናገርም። በ1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ብላቴን ጌታ የደከሙበት ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ ገና በማተሚያ ላይ ነበር፤ ከታተመውም የተረፈው ጥቂት ነው። እርሳቸውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በመስከረም ወር፣ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። አፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

እንግዲህ ኅሩይ መጻፉን ለሰፊ ጊዜ፣ ለጡረታ ዘመን አቆይተውት ቢሆን ኖሮ ያ ዘመን አልመጣላቸውም ነበር። ዛሬ በእጃችን ያሉት መጻሕፍት፣ በሥራና በሥራ መካከል፣ በመንገድና በመንገድ መካከል የተጻፉት ናቸው።

ወጣት ሠራተኛ ሆይ፣ ባለጉዳይ ባነሰበት ቀን ጠረጴዛህ ላይ አታንቀላፋ። የተዘበራረቀውን መዝገብ አሰናዳ፤ ለአንተ ያስቸገረህ ሥራ የሚሠራበትን መንገድ ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ጽፈህ አቆይ፤ ወደ ክልልም ሆነ ወደ ውጭ አገር ብትላክ ያየኸውን በደብተር ያዝ። ተማሪም ብትሆን የዕረፍት ወርህን እንዲሁ ቍጠረው። ሥራው ትንሽ ቢመስልህ አትናቀው፤ የኅሩይም ሥራ የመጻሕፍትን ስም በመዘርዘር ነበር የጀመረው።